የመገበሪያው መደብ

ምህረት ቅጠሉን በአውራ ጣቷ ስታብሰው ጣቷ ቢጫ ሆነ። እርድ የነካች ይመስላል። ሌላ ቅጠል ያዘች፤ እሱም ያው ነው። ብናኙ የቅጠሉን ርዝመት ተከትሎ መስመር መስመር ሠርቷል፤ እጇ የተባረከ ሴት በቢጫ ክር የዘመዘመችው ይመስላል። ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችው። ወዲያው ቀሚሷን አየችና ደነገጠች።

ዋግ ነው። ባለፈው ክረምት፣ በ1997 ዓ.ም. የተዘራውን የዝግባ ማርያም መንደርን ስንዴ የበላው በሽታ፣ ቢጫ ዋግ። ያኔ ማሳው ከሩቅ ሲያዩት የደረሰ ይመስል ነበር፤ ሲወቃ ግን ከገለባና ከቀጨጨ ፍሬ በቀር የወጣ ነገር አልነበረም።

አሁን ሰኔ ነው። አገሩ ሁሉ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። ምህረት ትናንት ከሰቆጣ በእግሯ ስትመለስ በመንገዷ አንድ ዘለላ አረንጓዴ ስንዴ አላየችም። ያለው እዚህ ብቻ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከምንጩ ሥር፣ በእማ ለተሥላሴ መደብ ላይ።

ምህረት የግብርና ባለሙያ ሆና ወደዚህ መንደር ከመጣች ጀምሮ የምትኖረው በእማ ለተሥላሴ ቤት ነው። ባላቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው ፍቅርአዲስ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ልጅቷ በሄደች ሰሞን ለማርያም ተስለዋል፦ "ልጄን በሰላም እስክትመልሺልኝ ድረስ ከቤትሽ የእኔ መገበሪያ አይታጣም።" መገበሪያ የቅዳሴው ኅብስት የሚጋገርበት ስንዴ ነው። ሌላው ሰው ተራው ሲደርስ ከጎተራው ሰፍሮ ይሰጣል። እማ ለተሥላሴም መጀመሪያ እንደዚያው ያደርጉ ነበር። አንድ ቀን ግን ከጎተራ ያወጡትን ስንዴ ነቀዝ ወግቶት አገኙትና ሰውነታቸው ተሸማቀቀ። ከነቀዝ የተረፈውን ለእመቤቴ? ከዚያ ወዲህ ምንጩን ጠልፈው መሬቱን በመደብ በመደብ ከፈሉት። አንዱ ሲታጨድ ሌላው እሸት ይሆናል፣ ሌላው ዛላ ያወጣል፣ ሌላው ገና ይበቅላል። በጋም ሆነ ክረምት መደቡ ደርቆ አያውቅም። ማርያም ሁልጊዜ አዲስ ስንዴ ታገኛለች።

ምህረት በየጠዋቱ ፊቷን የምትታጠበው እዚሁ ነበር። ጎንበስ ብላ ቅጠሉን አላየችም። የሰው ስለት ስለሆነ ይሁን፣ የምታድርበት ቤት ስለሆነ ይሁን፣ ለራሷም አልገባትም።

ዋግ የሚኖረው በሕያው ቅጠል ላይ ብቻ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ኅዳር ላይ አዝመራው ሲደርቅ ከመንደሩ መጥፋት ነበረበት፤ በጋውን የሚሻገርበት አረንጓዴ ነገር ካላገኘ።

ኅዳርን ስታስብ ፊቷ ጋለ። ሰው ከወይራው ሥር ተሰብስቦ ነበር። እሷ ገና አዲስ ናት።

"ከየት መጣ ብለን እንጠይቅ እንጂ" ብለው ከሴቶቹ መካከል የተነሡት እማ ለተሥላሴ ነበሩ። "ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ መዓት አይተን እናውቃለን? ዘንድሮ ምን አዲስ ነገር ገባ? አንድ ነገር ብቻ። ደሞዝ ከሰቆጣ ገበያ ያመጣው ዘር።"

ደሞዝ ዘሩን ያመጣው ፍሬው ደልደል ያለ ስለነበር ነው፤ ለጎረቤቶቹም አካፍሏል። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ቀጥሎ ዞሮ ምህረትን አየ።

"ግብርና ምን ትላለች?" አለ አንዱ።

ታውቅ ነበር። ይህ በሽታ በዘር አይሄድም፤ በነፋስ ነው። ቃሉ አፏ ድረስ መጥቷል። ግን ያ ሁሉ ዓይን ነበር፤ እንጀራቸውን የምትበላላቸው ሴትዮም ከፊት ቆመዋል። "ይጣራል" አለች። አጠገቧ ያሉት እንኳ በቅጡ አልሰሟትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደሞዝን ለወንፈል የሚጠራው ጠፋ። ሰው ተጠራርቶ ሲያርስና ሲያጭድ እሱ ብቻውን ነው።

ምሳ ላይ እማ ለተሥላሴ የባቄላ ንፍሮ አቀረቡላት። እሷ ፍሬዎቹን ታገላብጣለች።

"ብዪ እንጂ! ንፍሮው ላይም በሽታ አየሽበት?"

ምህረት ክው አለች። "አይ፣ እማ።"

"ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ 'አይ፣ እማ' ማለት ብቻ ነው? የእኔዋ ብትሆን ይሄኔ ቤቱን በወሬ ሞልታው ነበር።" ንፍሮውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። "ለፋሲካ ሰቆጣ ወርጄ በስልክ ሳናግራት ድምፅዋ ቀጥኖብኛል። አመመሽ ወይ ብላት፣ ስልኩ ነው አለችኝ። ስልክ ሰው ያቀጥናል?"

"መስመሩ ይሆናል።"

"ይሁን። እኔማ ለጠባቂዋ ለእመቤቴ ሰጥቻታለሁ። መገበሪያዬን እስካላጓደልኩ ድረስ እሷም አታጓድልብኝም።"

ምህረት በእጇ የቀረውን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሰች። ውሃ ጠጣችና ወጣች።

ደሞዝ ማሳው ላይ ነበር። በሬዎቹን ራሱ ይነዳል፣ ድንጋዩን ራሱ ይለቅማል።

"ከእኔ ጋር አትቁሚ፣ ግብርና። ይጋባብሻል" አላት፣ ፈገግ እንኳ ሳይል።

"ስንዴ ሊዘሩ ነው፣ ጋሼ ደሞዝ?"

"ስንዴማ ፍየሎቼ በሉት። የተረፈኝን ዘር ሰሞኑን አፈሰስኩላቸው። ከእንግዲህ ከእኔ እጅ ስንዴ አይወጣም።"

"ዘሩ አይደለም ያመጣው።"

በሬዎቹን አቆመ። "ምን አልሽ?"

"ዋግ በዘር አይሄድም። ነፋስ ነው የሚወስደው። ያመጡት ዘር ንጹሕ ነበር።"

"ነፋሱስ ከየት አመጣው?"

ዓይኗ ሳታዝዘው ወደ ምንጩ ሄደ። ቶሎ መለሰችው።

"እግዜር ይስጥሽ" አለ ደሞዝ። "ለማጽናናት ነው፤ ገብቶኛል። ግን ተይው። ዘር ያካፈልኩት የጎረቤቴ የእንዳለው ልጆች በሰው ጭብጦ ሲከርሙ አይቻለሁ። ዘሩን በእጄ ነው የሰጠሁት። እርፍ በጨበጥኩ ቁጥር ይህንኑ እጄን አየዋለሁ።" በሬዎቹን አስነሣ። ትንሽ ከሄደ በኋላ ዞር ሳይል፣ "ኅዳር ላይ ብትነግሪኝ አምንሽ ነበር" አለ።

ምህረት በዚያው ወደ ምንጩ ወረደች። ቤት ገብታ ብትቀመጥ እንደማትነሣ ታውቃለች። እማ ለተሥላሴ መደባቸው ውስጥ ጎንበስ ብለው ያርማሉ።

"እማ፣ ይህን ቅጠል ይዩልኝ።"

ዓይናቸውን አጠበቡ። "አቧራ ነው።"

"ይንኩት።"

ነኩት። ጣታቸውን አገላብጠው አዩ። ባለፈው መስከረም በየማሳው የነኩት ነው፤ አላጡትም።

"ከማሳው መጥቶብኝ ነው" አሉ በመጨረሻ።

"ከማሳው መጥቶ ሊሆን ይችላል። ማሳው ግን ደረቀ፤ እዚያ ያለው ሞተ። እዚህ አልደረቀም። ካረጀው መደብ ወደ አዲሱ እየተሻገረ ከረመ። አሁን ሰው ዘርቶ ሲበቅል ነፋሱ መልሶ ይወስደዋል።"

"ባለፈውስ?"

"ባለፈውም ከዚሁ ሳይነሣ አልቀረም። ዋጉ ብርድና ጤዛ ይወዳል፤ ባለፈው ክረምት ሁለቱም በዙ።"

"የማርያም ስንዴ ነው እኮ፣ ምህረት!"

"አውቃለሁ።"

"የእመቤቴ ስንዴ ነው አገር ያስራበው የምትይኝ?" ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ከዚያ ከአማርኛ ወደ ኽምጣንጋ ተሻገሩ። ሲቆጡና ሲጸልዩ ሁልጊዜ በኽምጣንጋ ነው። ምህረት የሰቆጣ ልጅ ናት፤ ቋንቋውን ትሰማለች። አሁን ግን ለይታ የሰማችው የፍቅርአዲስን ስም ብቻ ነው።

ሲሰክኑ፣ "ምን ይደረግ ነው የምትይው?" አሉ በአማርኛ።

"የደረሰውን አጭደው፣ አረንጓዴውን ሁሉ መንቀል ነው። ለሐምሌ አቦ ማሳው ስንዴ ይበቅልበታል፤ ከዚያ በፊት መነቀል አለበት።"

"ማን ያውቃል ይህን?"

"እኔና እርስዎ።"

"ታዲያ ነቅለነው ዝም ብንልስ?"

የምህረት ልብ ቀለል አለው። ቀለል ማለቱ ደግሞ አሳፈራት። "ጋሼ ደሞዝስ?" አለች።

እማ ለተሥላሴ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ስሙን የጠራሁት እኔ ነኝ።"

ምህረት ወደ እሳቸው ጠጋ አለች።

"አንቺስ? በዘር እንደማይሄድ ያኔ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"እና ዝም አልሽ።" ቀና ብለው አዩዋት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። "ከእኔ ቤት እየበላሽ፣ ሰው ስበድል አይተሽኝ ዝም አልሽ።"

መምሬ ገብረ ኢየሱስን ያገኟቸው ኅብስቱ ከሚጋገርበት ከቤተ ልሔሙ ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ ነው። እማ ለተሥላሴ ነገሩን ሁሉ ራሳቸው ተናገሩ። ሽማግሌው ቄስ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ስለትሽ ምን የሚል ነበር?"

"መገበሪያ አይታጣም።"

"አይታጣም ነው ያልሽው ወይስ እሸት አይታጣም?"

"አይታጣም ነው፣ አባቴ።"

"እንግዲያ ከጎተራሽ ስጪ።"

"ነቀዝ ቢኖርበትስ?"

"ልቀሚዋ! ዓይን አለሽ፣ ሰፌድ አለሽ። እመቤታችን እሸት አማረኝ አለችሽ እንዴ?"

እማ ለተሥላሴ አልሳቁም። "ነቅዬው ልጄ አንድ ነገር ብትሆንስ?"

መምሬም ፈገግታቸውን ሰበሰቡ። "እሱን አላውቅም፣ ለተሥላሴ። የማላውቀውን አልምልልሽም።" መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። "እኔም እኮ ያን ቀን ወይራው ሥር ነበርኩ። ሰው በጥርጣሬ አይፈረድበትም ማለት ነበረብኝ። ርቦኝ ነበር። ስብሰባው ቶሎ ይለቅ ብዬ ዝም አልኩ።"

እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ መምሬ ሕዝቡን አስቆሙት። ምህረት ወደ ፊት ወጣች። የተናገረችው ለራሷም አልተሰማትም።

"ጮክ በይ! ለጫማሽ ነው የምትነግሪው?" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

"ተዋት፣ እንደ ሙሽራ አፍራለች" አለ ሌላው። ሳቁ።

እንደገና ጀመረች። ዋግ በዘር እንደማይሄድ፣ በበጋ አረንጓዴ ካላገኘ እንደማይከርም፣ ይህን ኅዳር ላይ ታውቅ እንደነበርና እንዳልተናገረች። ሳቁ ቆመ። እማ ለተሥላሴ ከጎኗ መጥተው ቆሙ።

"የከረመው ከእኔ መደብ ነው" አሉ። "ከማርያም መገበሪያ። ደሞዝን የከሰስኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የታለ?"

ደሞዝ ከቅጥሩ በር ውጭ ቆሟል። ከኅዳር ወዲህ በሩን አልፎ አያውቅም። ሰው ሲዞርበት ነጠላውን ወደ አፉ ሳበ።

"እና ፍየሎቼ የበሉት ዘር?" አለ።

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ የሚከተለው ሲያጣ ተወው።

"ምንም አልነበረበትም?"

"ምንም" አለች ምህረት።

ደሞዝ ራሱን ነቀነቀ። እማ ለተሥላሴ ወደ እሱ መሄድ ጀምረው ነበር፤ ሳይደርሱበት ዞሮ በቁልቁለቱ ወረደ።

በማግስቱ መንቀል ጀመሩ። የደረሰችውን መደብ መጀመሪያ አጨዱ። ከዚያ እሸቱ ላይ ሲደርሱ እማ ለተሥላሴ ቆሙ። ፍሬው ገና ወተት ነው፤ ሲጫኑት ይፈሳል።

"ይህን ከነቀልን ዘንድሮ አይመጣም ማለት ነው?"

ምህረት 'አዎ' ማለት ፈልጋ ነበር። "እርግጠኛ አይደለሁም፣ እማ። ነፋሱ ከሩቅ አገርም ያመጣዋል፤ ስንዴ ከማይደርቅበት።"

"ይህን ሁሉ ነቅለን ሊመጣ ይችላል?"

"ይችላል። ግን ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ያን ጊዜ ስንዴው ፍሬ ይዞ ይጠብቀው ይሆናል።"

"ይሆናል" አሉ እማ ለተሥላሴ። የምንጩን ውሃ ሲያዩ ቆዩ። "ግዴለም። ከእኔ አይሁን እንጂ።"

ጎንበስ ብለው ነቀሉ። በየእፍኙ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ምህረት ልታግዛቸው ስትጠጋ፣ "ያንን ያዢ፣ ይህን ለእኔ ተዪው" ብለው ለጋውን መደብ አሳዩዋት። የተነቀለውን ምንጩ ዳር አላስቀመጡትም፤ ተሸክመው ወጥተው ፀሐይ የሚመታው ድንጋይ ላይ አሰጡት። ደርቆ እስኪያልቅ ፍየል እንዳይቀምሰው አጠገቡ ተቀመጡ። ለማርያም የተባለ ነው፤ ይድረቅ እንጂ አይበላም አሉ።

እዚያው እንደተቀመጡ ደሞዝ መጣ። እማ ለተሥላሴ ተነሥተው ቤት ገቡና አንድ ስልቻ ስንዴ አምጥተው እግሩ ሥር አኖሩለት።

"ከቀደመችው መደብ ያጨድኩት ነው። ከእመቤቴ ድርሻ ቀንሼ ነው የሰጠሁህ፤ እሷ ትየኝ። ዝራው።"

ደሞዝ ጎንበስ ብሎ ጥቂት ፍሬ በመዳፉ ዘገነ። "ከዚሁ መደብ?"

"ከዚሁ።"

"ይሄ ነው የቀረኝ! ከሰቆጣ ባመጣሁት ስም ወጣልኝ፤ አሁን ደግሞ ከታመመው መደብ ወስጄ ልዝራና ስቀሉኝ!"

"በዘር አይሄድም" አለች ምህረት።

"ብለሻል፤ ሰምቼሻለሁ። ታምኚበታለሽ?"

"አምንበታለሁ።"

"እንግዲያ አንቺ ዝሪው።" ፍሬውን ወደ ስልቻው መለሰ። "በእጅሽ። ሰው እያየሽ።"

"ኧረ ተው!" አሉ እማ ለተሥላሴ። "ሴት ዘር ስትበትን የት አይተሃል?"

በዝግባ ማርያም ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ነዶ ትሸከማለች፤ ዘር የሚበትነው ግን ወንድ ነው። የሴት እጅ የበተነው ከብቅለቱ አይጠናም ይባላል።

"አላየሁም" አለ ደሞዝ። "ከማርያም መደብ ዋግ ሲወጣም አላየሁም ነበር።"

ምህረት ስልቻውን አየች። "እሺ" አለች።

የዘሩ ቀን ጠዋት ጨፍገግ ብሎ ነበር። ማታ የጣለው ዝናብ አፈሩን አለስልሶታል። ወሬው ስለተሰማ ሰው በማሳው ዳር ተኮልኩሏል። በሬ ይዞ ሊያግዝ የመጣ ግን አልነበረም፤ የመጡት ሊያዩ ነው። መምሬ ገብረ ኢየሱስም አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እማ ለተሥላሴ ከሴቶቹ ነጠል ብለው ቆመዋል።

ምህረት ስልቻውን በትከሻዋ አንጠለጠለች። ከበዳት። የመጀመሪያውን እፍኝ ስትወረውር ስንዴው እግሯ አጠገብ ተከምሮ ወደቀ።

"ምን እያደረግሽ ነው?" ጮኸ ደሞዝ ከበሬዎቹ ኋላ። "ዶሮ ነው የምትመግቢው? እጅሽን ዘርጊው!"

ከዳር ሳቅ ተሰማ። "እጇ እኮ ይንቀጠቀጣል" አለች አንዲት ሴት።

"ይንቀጠቀጥ" አሉ እማ ለተሥላሴ። "የበለጠ ይበተንላታል።"

ምህረት እጇን እንደገና ስልቻው ውስጥ ሰደደች። ስንዴው ቀዝቃዛ ነበር። መስከረም ላይ ይህ ማሳ ቢጫ ቢሆን፣ ዋጉ ከሩቅ አገር በነፋስ መጥቶም ቢሆን፣ ማን እንደዘራው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ደሞዝም የፈለገው ይህንኑ ነው። አልተቀየመችውም። ክንዷን ወደ ኋላ ሳበችና ወረወረች። ይህኛው ራቅ ብሎ ወደቀ፤ ቢሆንም አንድ ወገን ብቻ።

ደሞዝ በሬዎቹን ገርፎ ዘሩን አፈር እያለበሰ መጣ። አጠገቧ ሲደርስ አላያትም።

"ወደ ግራሽም በትኚ" ብሏት አለፈ።